ሰላምታዬን የማይመልሱ ጎረቤቴን እስከ መቼ ልውደድ? (ስለ አንድ ክርና ስለ 44 መልሶቹ)

ደሴን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ነው የተቀመጠችው። ቤቱ አንዱ ከአንዱ በላይ ነው። ክረምት ሲገባ የላይኛው ግቢ ውሃ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ጎረቤት ከተስማማ ውሃው በቦይ ይሄዳል። ካልተስማማ በሰው ግድግዳ ይሄዳል።

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለውን ውይይት፣ የከፈተችው እህት ሆጤ አካባቢ ታችኛው ቤት ነው የምትኖረው። የላይኛው ቤት ባለቤት በዕድሜ እናቷ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጻፈችም። እትዬ ብቻ ነው የምትላቸው። እትዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታዋን አይመልሱም። የጣሪያቸው አሸንዳ ጫፉ ተሰብሮ የክረምቱን ውሃ ማድ ቤቷ ግድግዳ ላይ ይደፋዋል። ጭቃው ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ለፋሲካ የላከችላቸው ድፎ ዳቦ ጨርቁ እንኳን ሳይገለጥ ተመልሶ መጥቷል። ከሁሉ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። እናቷ ሲያርፉ የእድሩ ድንኳን የተተከለው ሁለቱ ቤቶች በሚጋሩት መንገድ ላይ ነበር። እትዬ ሦስቱንም ቀን በድንኳኑ ጎን አልፈው ገበያ ሄዱ። አንገታቸውን እንኳን አላስገቡም።

እሷ ግን በየጠዋቱ እንደምን አደሩ ማለቷን አላቆመችም። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን በልጅነቷ በቃሏ ያጠናች ናት። ጠላቶቻችሁን ውደዱ የሚለው ቃል አጥንቷ ውስጥ አለ። ጥያቄዋ አጭር ነበር። ይህ ነገር እስከ መቼ ነው? ደግሞስ እኔ የማደርገው ፍቅር ነው ወይስ ሞኝነት?

እኔ ክሩን ያገኘሁት ኮምቦልቻ፣ ማታ ከሥራ ገብቼ ነው። ሌሊቱን አነበብኩት። በማግስቱ ተመለስኩበት። እዚህ የምጽፈው የቀረልኝን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልሶች የዋሆች ነበሩ። አንደኛው አይዞሽ የሚል ነው። ሁለተኛዋ እንድትጸልይላቸው መከረቻት። ሦስተኛዋ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር እናት ናት። እሷም ባለቤቷ ከወንድሙ ጋር በውርስ ተኳርፎ ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ የጥምቀት ቀን ታቦት አጅበው ሲሄዱ መተቃቀፋቸውን ነገረች። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አልነበረም።

መልስ 4 ላይ ወሬው ተቀየረ። ወጣት ይመስላል የጻፈው። ክርስቲያን የሚረገጠው በእንዲህ ያለ ልምምጥ ነው አለ። ቀበሌ ሄደሽ ክሰሻቸው፣ ግድግዳሽን ያስጠግኑልሽ አለ። ብሉይ ኪዳን ዓይን ስለ ዓይን ብሏል፣ ጠላትህን ጥላ ብሏል ብሎ ጨመረበት።

እዚህ ላይ መልስ 5 ገባ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ ብሏል፣ አጻጻፉም እንደዚያው ነው። ረጋ ብሎ ሁለት ነገር አረመ። ዓይን ስለ ዓይን የሚለው ሕግ በቀልን የሚፈቅድ ሳይሆን የሚወስን ነው። አንድ ዓይን የጠፋበት ሰው ሁለት እንዳያጠፋ፣ ቤት እንዳያቃጥል ልክ ያበጃል። ጠላትህን ጥላ የሚል ትእዛዝ ደግሞ በሙሴ ሕግ ውስጥ የለም። ዘሌዋውያን 19፥18 ያለው ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ብቻ ነው። መጥላቱን የጨመሩት ሰዎች ናቸው፤ ክርስቶስም ሰዎች ሲሉ የሰሙትን ነው ያነሣው። ከዚያ ዘጸአት 23ን አመጣ። የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ አልፈኸው አትሂድ፤ አብረህ አንሣው ይላል።

ይህን ጥቅስ ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም። እንደዚያ ቀን ግን አልገባኝም ነበር። ሕጉ ስለ ሆድህ ምንም አይጠይቅህም። ሰውየውን ትወደዋለህ ወይ አይልም። አህያውን አንሣ ነው የሚለው። የሰኞ ገበያን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጭነት የከበደው አህያ በተዳፋቱ ላይ ሲንበረከክ ብቻውን የሚያነሣ ባለቤት የለም። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ጫንቃ መግባት አለበት። ከጠላትህ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነህ ማለት ነው።

መልስ 6 የትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ስለ ጉንጩ ጻፉ። ማቴዎስ ቀኝ ጉንጭህን ለሚመታህ ነው ያለው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቀኝ እጁ ቀኝ ጉንጭህን ለመምታት የእጁን ጀርባ መጠቀም አለበት። የእጅ ጀርባ ጥፊ ደግሞ ለጌታና ለባሪያ፣ ለማዋረድ ነው። ሌላውን ጉንጭ ማዞር እንግዲህ ደግመህ ምታኝ ከማለት ይልቅ እንደ ሰው እየኝ ማለት ነው ሲሉ ተከራከሩ። መልስ 7 ደግሞ ቁጭ ብሎ የሉቃስን ወንጌል አገላበጠ። ሉቃስ 6፥29 ቀኝ የሚል ቃል እንደሌለው ጠቅሶ ትርጉሙን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ መገንባት እንደማይበቃ አስታወሰ። መምህሩም ልክ ነህ ብለው ተቀበሉ። እንዲህ ያለ ነገር ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ደስ አለኝ።

መልስ 8 አንድ መስመር ናት። ዮሐንስ 18ን እንድናይ ብቻ ትጠቁማለች። እዚያ ክርስቶስ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ዝም አላለም። ክፉ ተናግሬ እንደ ሆነ መስክርብኝ፣ ካልሆነ ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀ። አልተሳደበም፣ አልመታም፣ ግን ጠየቀ። በዚያች ሰዓት ማንም ብዙ ልብ አላላትም።

ከዚያ ጋሼ መጡ። መልስ 9 ናቸው። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ልጅነታቸው ኩታበር። እንደ ሌላው ሰው ጥቅስ አላበዙም። ያኔ በገጠሩ ክብሪት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። እሳት ከጠፋ ከጎረቤት ይጫራል። እናታቸው ከአንዲት ጎረቤት ጋር በከብት ጉዳይ ተቀያይመው አይነጋገሩም። አንድ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲዘንብ አድሮ፣ ምድጃቸው ጠፋ። ጠዋት ጭስ የሚታየው ከዚያችው ሴትዮ ቤት ብቻ ነበር። እናታቸው እያመነቱ ገል አስይዘው ላኳቸው። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጁንም ግባ አላሉትም። ትልቁን ፍም መርጠው ገሉ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አመድ አፈሱና ከላይ አለበሱት። ነፋስ እንዳያጠፋው ነው፣ የልጁንም እጅ እንዳይፈጀው። ጋሼ አሁንም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ፍም ሲነበብ የሚያዩት ያንን አመድ ነው።

ፍሙ የተነሣው ሮሜ 12፥20 ላይ ስላለ ነው። ጳውሎስ ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ ቢጠማ አጠጣው፣ ይህን ስታደርግ በራሱ ላይ የእሳት ፍም ትከምራለህ ይላል። መልስ 10 እና 11 በዚህ ተያያዙ። አንዱ ጋሼን ተከትሎ ፍም መስጠት በጎነት ነው አለ። ሌላው ታሪኩ ቢያምርም ቃሉ ያንን አይልም አለ። ጳውሎስ የጠቀሰው ምሳሌ 25ን ነው። እዚያም ፍሙ በገል ሳይሆን በራስ ላይ ነው። የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስን ጠቅሶ ፍሙ የንስሐ ማቃጠል መሆኑን፣ የተበደለው ሰው ደግነት የበዳዩን ልብ በጸጸት እንደሚያቃጥል አስረዳ። ጋሼ ትርጓሜ አልሰጠሁም፣ ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ ብለው በሁለት መስመር ዘጉት።

እኔ ሁለቱም እውነት ናቸው እላለሁ። አመዱን ግን አልረሳውም። ያለ አመድ የሚሰጥ ፍም ተቀባዩን ይፈጀዋል።

ይህንኑ ነገር መልስ 12 በጭካኔ አመጣው። ለከፋቿ በቀጥታ ነው የጻፈላት። በየጠዋቱ እንደምን አደሩ የምትዪው ልትወጃቸው ነው ወይስ ልታሸንፊያቸው? ዳቦ የላክሽላቸው እንዲበሉት ነው ወይስ ሰፈሩ የማን ጥፋት እንደሆነ እንዲያይ? ይህ በፍቅር ስም የሚደረግ በቀል ነው አላት። መልስ 13 የራሷ ናት። ተጎድታለች። እናቷን ቀብራ የመጣች ሴት ናት፣ ሰው እንዲህ ይላታል ብላ አልጠበቀችም። ሦስት ዓመት መታገሷ ሳያንስ አሁን ደግሞ ትዕግሥቷ ኃጢአት መባሉ እንዳሳዘናት ጽፋ ወጣች።

የመልስ 12 ጸሐፊ አነጋገሩ ክፉ ነበር። ለሐዘንተኛ እንዲህ አይባልም። የተናገረው ግን ሐሰት አልነበረም። እኔም ራሴን በዚያ ቃል መርምሬአለሁ።

መልስ 14 ከሸዋ በር አካባቢ ነው። ሙስሊም መሆኑን ገልጾ ጻፈ። ቁርኣን ምዕራፍ 41 አንቀጽ 34 ላይ ክፉውን ይበልጥ በሚያምረው መልስ፣ ያን ጊዜ ጠላትህ የነበረው እንደ ቅርብ ወዳጅ ይሆናል የሚል መልእክት እንዳለ አካፈለ። የሱም እናት ለሰፈሩ ክርስቲያኖች ለቅሶ ንፍሮ ቀቅላ እንደምትሄድ ጨመረ። መልስ 15 ጥያቄው ስለ ክርስትና እምነት ነው፣ እዚህ ምን አመጣህ የሚል ዓይነት ነበር።

ያኔ ወሎ ተነሣ። መልስ 16 የሴት ናት፣ እሳት የላሰች። አባቷ ሙስሊም፣ እናቷ ክርስቲያን ናቸው። አንዱ ጾም ሲይዝ ሌላው ምግቡን የሚያበስልበት ቤት ነው ያደገችው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ደሴ መሃል ያለው የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ መሆኑን አስታወሰችው። ጠብ ሲነሣ የሁለቱንም ሃይማኖት ሰዎች አስቀምጠው የሚያስታርቁ አበጋሮች የነበሩበት አገር ነው አለች። ለቅሶ ላይ ሃይማኖት እየጠየቀ የሚገባ ሰው ካለ ወሎዬ አይደለም ብላ ደመደመች። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም ረጋ በሉ አለ። መልስ 15 በኋላ ይቅርታ መጠየቁን ልጽፍ ይገባል። አጭር ነበረች፣ ግን ጠየቀ።

መልስ 17 ላይ ክሩ ቆመ።

የኮምቦልቻ ሰው ነው የጻፈው። ቆርቆሮ፣ ቱቦና ሚስማር የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ነጻ ሲወጡ ተመለሰ። የሱቁ በር ተገንጥሎ አገኘው። ግማሹ ዕቃ የለም። ታናሽ ወንድሙ ግን ቤት ልጠብቅ ብሎ የቀረ ነበር። እሱ አልተገኘም። ሰውየው ስለ አሸንዳና ስለ ሰላምታ ጠላት ጠላት ስትሉ ሰማሁ፣ እኔ ዘንድ ይህ ቃል ሌላ ነው አለ። ማንም ጥቅስ እንዳይልክለትም ለመነ።

መልስ 18 ነፍስ ይማር ብቻ አለች። ተገቢ ነበር። መልስ 19 ግን ላከ። ያውም ማቴዎስ 6፥15ን፣ ለሰዎች ኃጢአታቸውን ይቅር ካላላችሁ አባታችሁም ይቅር አይላችሁም የሚለውን። ሰው ተናደደ። መልስ 20ን አወያዩ አጥፍቶታል፣ ስድብ ስለነበረበት።

መልስ 21ን የጻፈችው እህት ማን እንደሆነች ባውቅ ኖሮ ሄጄ እጇን እስም ነበር። ስለ እስጢፋኖስ ነው የጻፈችው። ሁላችንም እስጢፋኖስ ሲወገር ጌታ ሆይ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው ማለቱን እናውቃለን። ይህን ያለው ግን ራሱ የሚወገረው ነው። ዳር የቆመ ሰው ለእናቱ አልሰበከላትም። ከዚያ ሐዋርያት ሥራ 8፥2ን አሳየችን። በጎ ሰዎች እስጢፋኖስን ቀበሩት፣ ታላቅ ልቅሶም አለቀሱለት ይላል። መጽሐፍ ቅዱስ ለለቅሶው ቦታ ሰጥቶታል። ገዳዮቹን ይቅር ያለ ሰው ወዳጆች ቁጭ ብለው አለቀሱ። ማንም በቃችሁ አላላቸውም። ስለዚህ ለመልስ 17 ወንድማችን ዛሬ የሚገባው ለቅሶ መድረስ ነው አለች። ይቅርታውን ከእሱና ከአምላኩ ጋር እንተወው አለች።

መልስ 22 በዚያው ላይ አንድ ነገር ጨመረ። የወጋሪዎቹ ልብስ የተቀመጠው ሳውል በሚባል ጎልማሳ እግር አጠገብ ነበር። ያ ሳውል በኋላ ጳውሎስ ሆነ። ሮሜ 12ን፣ ያንን የፍም ጥቅስ የጻፈው እሱ ነው። ልብስ ጠባቂው ነው ጠላትህን አብላው ያለን። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሸሸ። ሰው ከባድ ነገር ሲገጥመው እንደሚያደርገው ማለት ነው። መልስ 23 የደሴን ብርድ አነሣ። መልስ 24 የኮምቦልቻን ሙቀት አወደሰ። በሁለቱ ከተሞች መሃል ባለው ዳገት፣ ሐረጎ ላይ፣ ጉም ሲኖር ሚኒባስ ሾፌሮች እንዴት እንደሚነዱ ለሁለት መልስ ያህል ተወራ። ከዚህ መሃል መልስ 27 ብቅ አለ። ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነው። እሱ ስለ ሃይማኖቱ ምንም አልጠየቀም። አሸንዳው የቱ ጋ ነው የተሰበረው ብሎ ጠየቀ። ከጫፉ እስከ ዲቹ ስንት ሜትር ነው? ከታች ሆነሽ ስታዪው ወደ የትኛው ጎን ያዘነብላል? ብዙ ጊዜ አሸንዳ የሚደፋው መያዣው ሲላላና መሃሉ ሲጎብጥ እንደሆነ አስረዳ። ውሃው ወደ መውረጃው መሄድ ትቶ በጎበጠበት በኩል ይፈሳል። የላይኛው ቤት ሰው ይህን ላያየው ይችላል፤ ከላይ ሲታይ ጣሪያ ብቻ ነው።

ክፋት ነው ብለን ሁላችንም የተስማማንበትን ነገር ያላላ መያዣ ሊሆን ይችላል ያለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

መልስ 28 ደግሞ ከሌላ በኩል መጣች። በባሏ ትመታ የነበረች ሴት ናት። ቻዪው፣ በጸሎት ይለወጣል እየተባለች ስንት ዓመት እንደተቀመጠች ተናገረች። ሌላውን ጉንጭ የሚለውን ቃል ሰዎች በሷ ላይ እንደ ጉልቻ ጫኑት። መልስ 29 ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ ጻፈላት። ጳውሎስም ሳይፈረድበት በተደበደበ ጊዜ ሮማዊ ዜግነቱን እንዳነሣ፣ ኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ እንዳለ ጨመረ። ጠላትን መውደድ ለዱላ ጀርባ መስጠት አይደለም። በዚህ ላይ ክርክር እንዲኖር አልፈልግም። ደግነቱ ማንም አልተከራከረም።

መልስ 30 የኔ ናት። ረጅም አልጻፍኩም። አንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአለቃ ጋር ያጣላኝን ወሬ አወራብኝ። ዓመት ሙሉ ዝም አልኩት። ቡና ሲጠጣ አብሬው እጠጣለሁ፣ እስቃለሁ። ይቅር ብየዋለሁ እያልኩ ነበር። በኋላ ሳስበው ይቅርታ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። ሉቃስ 17 ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸት ይቅር በለው ይላል። እኔ መጀመሪያውን ዘልዬ ሁለተኛውን የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ነገርኩት። ደነገጠ። ወዳጅ አልሆንንም፣ አሁን ግን ሳየው ሆዴ አይቆላም። ለከፋቿ ያልኩትም ይህንኑ ነው። ሦስት ዓመት ሰላም ብለሻቸዋል። አንድ ቀንስ ምን አድርጌዎት ነው ብለሻቸው ታውቂያለሽ? መልስ 8 ላይ የተጠቆመውም ይኸው ነበር፤ ክርስቶስ የመታውን ሰው ጠይቆታል።

መልስ 31 ዲያቆን ነው። የኔን ጥያቄ ወስዶ ወደ ሌላ ቦታ አደረሰው። ማቴዎስ 5፥23ን በደንብ አንብቡት አለ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። መቼ? አንተ በወንድምህ ላይ ቂም ሲኖርህ አላለም። ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ስታስብ ነው የሚለው። የተቀየመው ሌላው ነው። የሚሄደው ግን አንተ ነህ። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ብሎ ሲያውጅ ሁሉም ጎንበስ ይላል፣ ግን ማን በኔ ላይ ምን እንዳለው የሚያስብ ጥቂት ነው አለ። ከዚያ ለከፋቿ በትሕትና ጻፈላት። እህቴ፣ እትዬ በአንቺ ወይም በቤትሽ ላይ ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ?

ከ32 እስከ 37 ያሉትን አልፋለሁ። አንዱ ስለ ፍቅር ግጥም ለጠፈ። ሌላው መልስ 12ን ሰደበ። ሌላዋ ከፋቿ የት ገባች እያለች ጠየቀች። አራት ቀን ጠፍታ ነበር።

መልስ 38 ላይ ተመለሰች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሽቅብ ወጣች። ዳቦ አልያዘችም። በሩን አንኳኳች። እትዬ ከፈቱ፣ ግቢ አላሉም። እሷም በሩ ላይ ቆማ ሰላምታ ትታ በቀጥታ ጠየቀቻቸው። ምን አድርገንዎት ነው?

እትዬ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ነገሯት። ከሦስት ዓመት በፊት አጥር ሲያሠሩ ከታች በኩል አቤቱታ ተጽፎ ደንብ አስከባሪ መጥቶ አፈረሰባቸው። ለዚያ አጥር ዕቁባቸውን አውጥተው ነበር። አቤቱታው ላይ ከፈረሙት ጎረቤቶች አንዷ እናቷ ነበሩ። ከፋቿ ይህን አታውቅም። ያኔ ሥራ ፍለጋ ከተማ ውጪ ነበረች። እናቷም ነግረዋት አያውቁም። እትዬ ድንኳኑን ያለፉት እንግዲህ የሞቱትን ሴት ልጅ ጠልተው አልነበረም። ፊርማዋን ያዩትን ሴት ለቅሶ እንዴት እንደሚቀመጡ አላውቅ ብለው ነው። ያንን ሦስት ቀን ገበያ ሄደው ምንም ሳይገዙ ይመለሱ እንደነበር ነገሯት።

እሷ እዚያው በሩ ላይ ሆና ስለ እናቴ ይቅር ይበሉን አለቻቸው። እትዬ ይቅር ለእግዚአብሔር አላሉም። በሩን ግን አልዘጉም። ስለ አሸንዳው ስትጠይቃቸው ግራ ገባቸው። ውሃው ግድግዳዋ ላይ እንደሚወርድ አያውቁም። በጡረታ ብቻ ነው የሚኖሩት፣ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ከዓመታት ወዲህ የለም። አብረዋት ወርደው ማድ ቤቱን አዩ። የወጣውን እንጨት በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ምንም ሳይሉ ሽቅብ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት እንደምን አደሩ ስትላቸው አልመለሱም። ቆም ብለው ግን አይተዋታል።

መልስ 39 ይህን ሁሉ አንብቦ እልል አለ። መልስ 40 ገና ነው፣ ቸኩላችሁ አትጨፍሩ አለ። እኔም ከዚህኛው ጋር ነኝ። ሦስት ዓመት የደረቀ ነገር በአንድ እሑድ አይርስም። መልስ 41 የዚያ የመልስ 12 ሰው ነው። ክፉ ተናግሬሻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። እሷም ክፉ ብትናገርም እንቅልፍ ነሥተኸኝ ነው ሽቅብ የወጣሁት ብላ መለሰችለት፤ ያ መልስ 42 ነው።

መልስ 43 ያ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነው። ልኩን ልካለት ነበር፣ ከአሸንዳው ጫፍ እስከ ዲቹ 7 ሜትር። መያዣዎቹን እንደሚለውጥ፣ ውሃው የሚወርድበትም ባለ 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ እንደሚያስፈልግ ጻፈ። አንዱ ቱቦ 6 ሜትር ስለሆነ ከሁለተኛው ላይ አንድ ሜትር መቁረጥ አለ፣ ሁለት ማጠፊያም ይገባል። ቅዳሜ ደሴ ሌላ ሥራ ስላለው ለጉልበቱ አያስከፍልም። የዕቃውን ዋጋ ግን ሁለቱ ቤቶች ቢጋሩት እንደሚሻል መከረ። እትዬም ድርሻቸውን ቢያወጡ ክብራቸው እንደሚጠበቅ አስቦ ነው ይህን ያለው።

የመጨረሻው መልስ 44 ነው። የጻፈው መልስ 17 ነው፣ ወንድሙ ያልተመለሰለት ሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቃል ጽፎ አያውቅም ነበር። ስለ ይቅርታ ምንም አላለም። ስለ እስጢፋኖስም አላነሣም። ሱቁ ከተዘረፈ በኋላ የተረፉ ሁለት ባለ 110 ቱቦዎች ጓሮው እንደተጋደሙ፣ አንደኛው ጫፉ ትንሽ መሰንጠቁንና ያንን ቆርጦ መጣል እንደሚቻል ጻፈ። ሚኒባስ ላይ ተጭነው ሐረጎን ሲወጡ እንዳይሰበሩ በደንብ የሚያስር ሰው ዓርብ ከሰዓት ይምጣና ይውሰዳቸው አለ።